ይቅርታው ይቅርብኝ

በዋሽንግተን ክረምት፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ሲያልበው፣ ወንዙም ሳይታይ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላሁት መዝገብ
አምስት ዓምድ ነበረው፤ አምስተኛው ጠባብ።
ስም፣ ወንጀል፣ ፍርድ፣ ቀን፤ ከዳር ደግሞ “ምክንያት”፣
ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ሰው የሚሾልክበት።
ፕሬዚዳንት ይመጣል፣ ፕሬዚዳንት ይሄዳል፣
ፊርማው ይለወጣል፤ ዓምዱ ይጠብቃል።

ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ቴምብር ለሰረቀ፣
“ሳንባው ስላለቀ።”
በጫካ ተደብቆ አረቄ ላወጣ፣
“የፈረደው ዳኛ እንቅልፍ ስላጣ።”
ከጦር ግንባር ከድቶ፣ እናቱ ጎተራ ለተያዘ ወታደር፣
“ሲቀጠር ዕድሜውን ዋሽቶ ስለነበር።”
ፍርዱን ጨራርሶ ለሸበተ ሰው፣
“ሳይሞት አንድ ምርጫ፣ ድምፅ ስላማረው።”
አንዱን ያስፈታውስ፣ ልናዘዝ፣ አጎቱ
ዳክዬ ማደኑ ነው ከሴናተሩ ጋር፣ በየክረምቱ፤
“መልካም ጠባይ” ብዬ በዓምዱ ጻፍሁለት፣
ጠባብ ነው ብያለሁ፤ ብዙ አይገባበት።

እንቢ የተባሉትማ ቁልላቸው ከወገቤ በላይ፤
ለነሱ ዓምድ አልተሠራም።
እንቢ ለማለት ምክንያት አይጠየቅም።

ኤሞሪ ስታግስ፣ የቴነሲ ሰው፣ አንጥረኛ ነበር፤
“የሐሰት ዶላር ቀረጽህ” ብለው ስምንት ዓመት በአትላንታ እስር።
“ቅርጹ የእኔ አይደለም” ከማለት በቀር፣
ዳኛ ፊት ሌላ ቃል አልወጣውም ነበር።
በአራተኛው ዓመት ሚስቱ ሮዊና
በእርሳስ ጻፈችልን፣ መስመሩ እየዘመመ፣ እጇ ዝሎ ነበርና፤
“ጡቴ ላይ የነበረው ወደ ብብቴ ዘልቋል፣
ሐኪሙም ‘ፋሲካን አታዪም’ ብሎኛል።
ለሱ ግን አደራ፣ ወሬው አይድረሰው፤
ደጃፌ ሲደርስ እኔው ልንገረው።”

ፕሬዚዳንቱ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። ፈረመ።

እኔም በመዝገቡ “ሚስቱ ልትሞት ነው” አልሁ፤
በሚላከው ላይ ግን አደራዋን ጠበቅሁ፣
“በቂ ሆኖ በተገኘ ምክንያት” ብዬ በታይፕ መታሁ።
ቀይ ሰም አቅልጬ ማኅተም አሳረፍሁ፤
ሰሙ ወደ አትላንታ በባቡር ነጐደ፣
ወርቁ ከመሳቢያዬ የትም አልሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱ ተመልሶ መጣ፤
ከጀርባው ላይ፣ በአንጥረኛ እጅ፣ ፊደሉ እንደ ምስማር ተተክሎ፦
“ይቅርታ ለበደል ነው፤ በደል ሳይኖርብኝ፣
እግዜር ይስጥልኝና፣ ይቅርታው ይቅርብኝ።”

ሕግ ተገላበጠ፤ ሰው እንቢ ያለው ምሕረት
ወረቀት ነው እንጂ አይሆንም ነጻነት።
ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ “ወንድ ነው!” አለ አለቃዬ።
ብዕር ይዤ ነበር። አንድ መስመር ይበቃው ነበር፦
ስታግስ፣ ሚስትህ ልትሞት ነው፣ ሂድ።
አደራ፣ አደራ እያልሁ ቀዘቀዘ ሻዬ።

ፋሲካም አለፈ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ፍርዱን ጨርሶ፣
ደረጃውን ወጣ፣ የወህኒ ካፖርት ለብሶ።
“ሚስ ክዊምቢ አንቺ ነሽ? ያ ‘በቂ’ ያላችሁት
ምን ነበር ምክንያቱ?” መዝገቡን አዞርሁለት።
ጥፍር የሌለው ጣቱ ከዓምድ ዓምድ ሄደ፤
ስሙን፣ ወንጀሉን፣ ፍርዱን፣ ቀኑን፤
አምስተኛው ላይ ቆመ።
ቆመ።
ምድጃው ውስጥ አንድ ከሰል ተሰነጠቀ።

“ይቅር በይኝ” አለ።

ለኔ ይሁን ለሷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ዓይኑ ከመዝገቡ ቀና አላለም።
እኔም ልለው የነበረው ያንኑ ቃል ነበር።
ቀደመኝ።

ማታ፣ ሰው ሲወጣ፣ አዲስ መስመር ከፍቼ
ስም በሚለው ሥር የኔኑ አስገብቼ፣
ወንጀል ከሚለው ሥር “አደራ መጠበቅ” አልሁ፤
ፍርዱንና ቀኑን ለሚያውቀው ተውሁ።
“ምክንያት” ላይ ስደርስ ብዕሬን አቆምሁ፤
ነጥብ ሆኖ ሰፋ ቀለሙ። ሌላ አልጻፍሁ።